“ኢቪ ልማር ወይ?” ለምትሉኝ ሁሉ

ሰሞኑን ቴሌግራሜ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ተጨናንቋል። አንዱ ከአዳማ፣ ሌላዋ ከባሕር ዳር፣ ሌላው ደግሞ ከዱባይ ይጽፉልኛል። ጥያቄው ግን ያው ነው። “ወንድሜ፣ ኤሌክትሪክ መኪና (ኢቪ) እና ራሱን የሚነዳ መኪና የሚል ማስተርስ አግኝቻለሁ፣ ልግባ? ያዋጣል?” ለሁሉም በድምፅ ስመልስ ጉሮሮዬ ደረቀ። አንዴ በጽሑፍ ላስቀምጠውና ከዚህ በኋላ ሊንኩን ብቻ ልላክ ብዬ ነው።

እኔ ያለሁት ጀርመን ነው። አገር ቤት ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ጨርሼ፣ ጥቂት ጊዜ ሠርቼ፣ አሁን እዚህ አንድ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተርሴን እየገፋሁ ነው። የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ የእኛን ስጠራ “ዓ.ም.” እላለሁ።

ዋናውን ልንገራችሁና ከዚያ ዘርዘር አደርገዋለሁ። ኤሌክትሪክ መኪናና ራሱን የሚነዳ መኪና ለየቅል የሆኑ ሁለት ሙያዎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ላይ አስረው የሚያቀርቧቸው ስሙ ስለሚስብ ነው፣ የመኪና ፋብሪካዎችም ሁለቱንም ስለሚፈልጉ ነው። የመጀመሪያው ኬሚስትሪና ኤሌክትሪክ ነው፤ ቤተ ሙከራ (ላብ) ውስጥ ትውላላችሁ፣ ሴል የሚባሉትን የባትሪ ክፍሎች ትለካላችሁ፣ ትበይዳላችሁ። ሁለተኛው ሒሳብና ኮድ ነው፤ ከላፕቶፕ ጋር ታድራላችሁ። ሁለቱንም በሁለት ዓመት እኩል የያዘ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ “ልግባ?” ከማለታችሁ በፊት “የትኛው ውስጥ?” ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ይህን ከኪሴ አላወጣሁትም፣ ታሪኩን ብታዩት ይገባችኋል። ራሱን የሚነዳ መኪና ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ቴስላ ነው። ሥራው የተጀመረው ግን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፣ ያውም በተራ መኪና። ኤርንስት ዲክማንስ የሚባሉ ፕሮፌሰር ሙኒክ ባለው የጀርመን ጦር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1980ዎቹ አንድ የመርሴዲስ ቫን ላይ ካሜራና ኮምፒውተር ጭነው፣ ባዶ አውራ ጎዳና ላይ ራሱን እንዲነዳ አደረጉት። በ1995 ደግሞ ሌላ መርሴዲሳቸው ከሙኒክ ተነስቶ ዴንማርክ ኦዴንሴ ድረስ ሄደ። አብዛኛውን መንገድ መሪውን የያዘው ኮምፒውተሩ ነበር፣ አንዳንድ ቦታም በሰዓት እስከ 175 ኪሎ ሜትር ይበር ነበር። ያኔ ጎግል የሚባል ኩባንያ ገና አልተቋቋመም።

ከዚያ አሜሪካኖቹ መጡ። ዳርፓ የሚባለው የመከላከያቸው የምርምር መሥሪያ ቤት በ2004 ሞሃቪ በረሃ ውስጥ ሰው አልባ መኪኖችን አወዳደረ። ሽልማቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ማንም አልጨረሰም። ከሁሉም የተሻለው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ መኪና ነበር፣ እሱም 12 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ቆመ። በዓመቱ ሽልማቱ 2 ሚሊዮን ሆነና አምስት መኪኖች ጨረሱ። የስታንፎርዱ ስታንሊ 212 ኪሎ ሜትሩን ከሰባት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨርሶ አንደኛ ወጣ። ስታንሊ ምን መኪና ነበር መሰላችሁ? ቮልስዋገን ቱዋሬግ። ናፍጣ ነው!

በሌላ በኩል አኸን ከተማ ያለውን አርደብልዩቲኤች ዩኒቨርሲቲን እዩ። በ2010 ከዚያ ግቢ ስትሪትስኩተር የሚባል ኩባንያ ወጣ፣ ዕቃ ማመላለሻ የኤሌክትሪክ መኪና ሠራ፣ በ2014 የጀርመን ፖስታ ቤት ኩባንያውን ጠቅልሎ ገዛው። ቢጫዎቹ መኪኖች ዛሬም መንደር ለመንደር ጥቅል ያደርሳሉ። የሚነዳቸው ሰው ነው። እንግዲህ አንዱ ያለ ባትሪ ራሱን ነዳ፣ ሌላው ያለ ሮቦት በባትሪ ሄደ። ብሮሹር ላይ ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ስታዩ ይህን አስታውሱ።

አሁን ወደ ባትሪው ልግባ። እኔ የመረጥኩት እሱን ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ አስረዝማለሁ፣ ታገሡኝ።

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ሲናገሩ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ቤተሰብ ውስጥ ኤሌክትሪክ መኪና ያልገዛ የለም ማለት ይቻላል፣ አጎቴም ገዝተዋል። የቻይና ሥሪት ነው። እናም አንድ ቀን ደወሉልኝ።

“አንተ ልጅ፣ ይሄ የምትማረው ነገር ለኔ መኪና ይሆናል ወይስ ለፈረንጅ ብቻ ነው?”

“ምን ሆነ ጋሼ?”

“ሠላሳ ፐርሰንት እያለኝ ከመገናኛ ተነሳሁ። ሲኤምሲ ሳልደርስ አሥራ ሁለት አለኝ። ጋራዥ ወሰድኩት፣ ባትሪው ሞቷል ይቀየር አሉኝ። ዋጋውን ብነግርህ ታለቅሳለህ።”

“መቶ ድረስ ቻርጅ ያደረጉት መቼ ነው?”

“መቶማ አላስገባም። ባትሪ ይጎዳል ብለውኝ ሰማንያ ላይ ነው የምነቅለው።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከገዛሁት ጀምሮ!”

እዚህ ላይ ሳቄ መጣ፤ ምክንያቱም በዚያው ሰሞን የምማረው ኮርስ ቁጭ ብሎ ስልክ የደወለልኝ ነው የመሰለኝ። የመኪናቸው ባትሪ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ነው፣ ባጭሩ ኤልኤፍፒ ይሉታል። ርካሽ ነው፣ ዕድሜው ረጅም ነው፣ በእሳት የመያያዝ አደጋውም ከሌሎቹ ያነሰ ነው። አንድ ክፉ ጠባይ ግን አለው። የአንድ ሴል ቮልቴጅ 3.2 አካባቢ ይሆንና እዚያው ይቀመጣል። 70 በመቶ ሲሆንም፣ 30 በመቶ ሲሆንም ልዩነቱ በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ቮልቴጁን አይቶ “ይህን ያህል ቀርቶኛል” ማለት አይችልም። ያለው አማራጭ የገባውንና የወጣውን ኮረንት መደመርና መቀነስ ነው። ባለሱቅ ሳጥኑን ከፍቶ ሳይቆጥር፣ ገቢና ወጪውን በደብተር ብቻ እየጻፈ ወራት ቢቆይ ምን ይሆናል? ትንንሽ ስሕተት ይጠራቀማል፣ ደብተሩና ሳጥኑ ይለያያሉ። የባትሪው ሳጥን የሚከፈተው ጫፍ ላይ ነው። መቶ ሲጠጋ ቮልቴጁ ድንገት ሽቅብ ይወጣል፣ ያኔ ኮምፒውተሩ “አሃ፣ እዚህ ነኝ” ብሎ ሒሳቡን ያስተካክላል። አጎቴ ሰማንያ ላይ እየነቀሉ ይህን ዕድል ነፍገውታል። ሰማንያ ላይ ንቀሉ የሚለው ምክር ለሌላው ዓይነት፣ ኒኬልና ኮባልት ላለበት ባትሪ ነው የሚሠራው። ኤልኤፍፒን በየጊዜው መቶ ማድረስ ያስፈልጋል፣ አምራቾቹም የሚመክሩት ይህንኑ ነው።

“ጋሼ፣ ዛሬ ማታ በቤት ቻርጀር፣ በቀስታ፣ መቶ ያስገቡት። መቶ ካለም በኋላ ወዲያው አይንቀሉት፣ ሴሎቹ እርስ በርስ ይመጣጠኑ። በሚቀጥለው ሳምንት ይድገሙት።” አደረጉት። ጌጁ አደብ ገዛ። ባትሪው ምንም አልሆነም ነበር። የጋራዡን ስም አልናገርም፤ ሰዎቹ ክፉ ናቸው ብዬም አላስብም፣ ስለ እንዲህ ያለው ባትሪ ያስተማራቸው ሰው የለም፣ በቃ።

እና ይህ ነገር እዚህ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ይወስዳል። ቀልዴን አይደለም። ባትሪው ውስጥ ስንት እንደቀረ፣ ምን ያህል እንዳረጀ፣ የትኛው ሴል እንደደከመ ከውጭ በሦስት ነገር ብቻ መገመት አለባችሁ፦ በቮልቴጅ፣ በኮረንትና በሙቀት። ግምቱን የሚሠራው ክፍል ቢኤምኤስ ይባላል። ውስጡ ካልማን ፊልተር የሚባል ሒሳብ አለ። ሩዶልፍ ካልማን ቡዳፔስት ተወልዶ አሜሪካ የተማረ ሰው ነው፣ ጽሑፉን በ1960 አወጣ፣ አፖሎ ወደ ጨረቃ ሲሄድም ይህን ሒሳብ ተጠቅመውበታል። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው፦ ሞዴልህ የሚልህን ያዝ፣ መለኪያው የሚልህን ያዝ፣ ሁለቱም ይዋሻሉ፣ በሚዋሹት ልክ አመዛዝናቸው። ፈተናው ላይ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ራሱን የሚነዳ መኪናም “የት ነው ያለሁት?” የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው በዚሁ ሒሳብና በዘመዶቹ ነው። ሁለቱን ሙያዎች ከልብ የሚያገናኝ ነገር ካለ ይኼ ነው። ገና ያልወሰናችሁ ካላችሁ ከካልማን ጀምሩ፣ በየትኛውም በኩል ብትሄዱ አይባክንም።

በነገራችን ላይ ኤልኤፍፒ ራሱ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው። ቴክሳስ ኦስቲን፣ የፕሮፌሰር ጆን ጉድኢናፍ ቡድን፣ 1997። ፕሮፌሰሩ በሊቲየም ባትሪ ሥራቸው ከስታንሊ ዊቲንግሃምና ከአኪራ ዮሺኖ ጋር ኖቤል ያገኙት በ2019 ነው፣ በ97 ዓመታቸው። ጡረታ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር።

ከባትሪው ቀጥሎ ሞተርና ኢንቨርተር ይመጣል። እዚህ አላበዛም፤ የእኔ ክፍል ልጆች የተማረሩበት ኮርስ መሆኑን ብቻ ልንገራችሁ። ባትሪው የሚሰጠው ቀጥተኛ ኮረንት ነው፣ ሞተሩ የሚፈልገው ደግሞ ሦስት የሚወዛወዙ ኮረንቶች ነው። መሐል ላይ ያለው ኢንቨርተር በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየበራና እየጠፋ አንዱን ወደ ሌላው ይለውጣል። ሦስቱን ሞገዶች ተከታትሎ መቆጣጠር ራስ ያዞራል። ስለዚህ በሒሳብ ወደ ሁለት የተረጋጉ ቁጥሮች ይቀየራሉ፣ አንዱ ጉልበቱን ይወስናል፣ ሌላው ማግኔቱን። ይህን ቅየራ ክላርክና ፓርክ የሚባሉት ሁለት መሐንዲሶች ባይኖሩ አታገኙትም። ፓርክ ሥራውን በ1929 አሳተመ። ክላርክ ደግሞ ሴት ናት፣ ኤዲት ክላርክ፣ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ፕሮፌሰር፣ 1947፣ አሁንም ያው ቴክሳስ ኦስቲን። ያ ግቢ ምን ውኃ እንደሚጠጣ እንጃ።

ላቡ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። መጀመሪያ ስንገባ መኪና ያስነኩናል ብለን ነበር፣ የተሰጠን ግን የደኅንነት ሥልጠና ነው። የብዙዎቹ መኪኖች ባትሪ 400 ቮልት አካባቢ ነው፣ ቀጥተኛ ኮረንት፣ ሰው ይገድላል። ብርቱካንማ ገመድ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ ማለት ነው። ባትሪውን መለየት፣ ሌላ ሰው መልሶ እንዳይሰካው መቆለፍ፣ ኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ያጠራቀሙትን ኤሌክትሪክ እስኪለቁ መጠበቅ፣ ከዚያ በሜትር ለክቶ ዜሮ መሆኑን በዓይን ማየት። ይህን ሁሉ ሳያደርጉ ቁልፍ ማንሳት የለም። ከዚያ ማታ ቲክቶክ ስከፍት አገር ቤት አንዱ ወንድማችን በነጠላ ጫማ፣ ያለ ጓንት፣ የባትሪ ክዳን ከፍቶ እየሳቀ ያሳየናል። ልቤ ነው የሚወርደው። ዲግሪውን ተዉት፣ ይህን ሥልጠና ብቻ የሚሰጥ ሰው አገር ቤት ቢገባ ነፍስ ያድናል።

እሺ፣ ወደ ሌላኛው ወገን። ራሱን የሚነዳ መኪና ትምህርት ሲገቡበት መኪና የለም። ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲ፣ ኮምፒውተር ቪዥን፣ ዲፕ ለርኒንግ፣ ኮንትሮል ነው ያለው። መኪናው የሚመጣው በስተመጨረሻ ነው፣ እሱም የልጅ መጫወቻ የምታክል፣ የእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ። ላይዋ ላይ ሊዳር አለ፣ ሌዘር እየረጨ ርቀት የሚለካ። እኔ ይህን ኮርስ እንደ ተጨማሪ ነው የወሰድኩት። ኮሪደሩ ውስጥ ለቀቅናት፣ ግድግዳውን እያየች፣ መዞሪያው ላይ ፍጥነት እየቀነሰች፣ ደስ በሚል ሁኔታ ሄደች ሄደችና በሙሉ ኃይሏ የመስታወት በር ገጨች። ለምን? ሌዘሩ መስታወቱን አልፎ ይሄዳል። ለእሷ በር የሚባል ነገር የለም፣ ከመስታወቱ ማዶ ያለው ኮሪደር ነው የሚታያት። አስተማሪው በየዓመቱ አንድ ቡድን እዚያው በር ላይ እንደሚጋጭ እያወቀ ዝም ብሎ ያየን ነበር። ቡድናችን መጀመሪያ ያገኘው መፍትሔ መስታወቱ ላይ በሊዳሩ ቁመት ወረቀት መለጠፍ ነው። ነጥብ አላሰጠንም። ኋላ ላይ ካሜራውን ከሊዳሩ ጋር አዋሐድነው። እውነተኛ መኪኖች ላይ ካሜራ፣ ራዳርና ሊዳር አንድ ላይ የሚደረደሩት አንዱ የሳተውን ሌላው እንዲይዘው ነው።

“ግን እኮ አዲስ አበባ ራሱን የሚነዳ መኪና እየተሸጠ ነው” የሚለኝ አለ። አይደለም። ኤስኤኢ የሚባለው የአሜሪካ የመሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው ከ0 እስከ 5 የሚሄድ ደረጃ አለ። ሻጮቹ “ራሱን ይነዳል” የሚሏችሁ መኪኖች ደረጃ 2 ናቸው። መስመር ይጠብቃል፣ ከፊት ካለው ጋር ርቀት ይጠብቃል፣ ኃላፊው ግን አሁንም እናንተ ናችሁ። ዓይናችሁን ከመንገድ እንዳታነሱ። ደግሞ እነዚህ ሲስተሞች የሚጠብቁት የተቀባ መስመር ነው፣ መስመሩ ጥርት ብሎ የሚታየው ስንት መንገድ ላይ እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ከዚህ ጋር የሚሄድና እኔን በጣም የሚያጓጓኝ ነገር አለ። መኪናው የሚያውቀው ያሳዩትን ብቻ ነው። በዚህ መስክ ስሙ የገነነው ኪቲ የሚባለው የመረጃ ስብስብ በ2012 ነው የወጣው፣ የካርልስሩኸ የቴክኖሎጂ ተቋምና ቺካጎ ያለው የቶዮታ ተቋም አንድ ላይ ሆነው፣ ቮልስዋገን ፓሳት ላይ ካሜራና ሊዳር ጭነው ካርልስሩኸና አካባቢዋ እየዞሩ የቀረጹት። ውስጡ መኪና፣ ቫን፣ የጭነት መኪና፣ እግረኛ፣ ብስክሌተኛ፣ ትራም አለ። ባጃጅ የለም። አህያ የለም። ሕንዶች ይህን አይተው ሃይደራባድ ላይ የራሳቸውን አዘጋጁ፣ ባጃጅም እንስሳም ያለበት፣ በ2018። የእኛስ? ረዳቱ በመስኮት እጁን አውጥቶ ሲያወዛውዝ መኪናው ሊገባ ነው ማለት እንደሆነ የትኛው ሞዴል ያውቃል? ለፋሲካ በግ የሚነዳ ሰው ቀለበት መንገድ ላይ ሲያቋርጥስ? ለማስተርስም ለዶክትሬትም ርዕስ የቸገራችሁ ካላችሁ ርዕሱ መስኮታችሁ ሥር ነው ያለው። ካሜራ፣ ትዕግሥትና ምስሉ ላይ ምልክት የሚያደርጉ ልጆች ነው የሚያስፈልጋችሁ። የሰው ፊትና የታርጋ ቁጥር ግን ማደብዘዝ አትርሱ።

እንግዲህ ምክሬ ይኼ ነው፣ የማይስማማም አለ፣ የራሴ ግምት ነው። በላፕቶፕ የሚሠራውን አገር ቤት ጀምሩት፣ ላብ የሚፈልገውን ውጭ ወጥታችሁ ተማሩት። ስኮላርሺፕ አግኝቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮድ ብቻ ጽፎ የሚመለስ ልጅ ሳይ ይቆጨኛል። ለኮዱ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ኮርሴራ በሚባለው የኢንተርኔት መማሪያ ላይ ያስቀመጠው ራሱን የሚነዳ መኪና ኮርስ አለ። ካርላ የሚባለው ማስመሰያ ሶፍትዌርም በነፃ ይወርዳል፣ ከ2017 ጀምሮ አለ፤ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል እንጂ መንገድ፣ ዝናብ፣ እግረኛ፣ ሁሉ አለው። ግራፊክስ ካርድ የሌላችሁ የኪቲን መረጃ አውርዳችሁ በእሱ ተለማመዱ፣ ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ በሌሊት ፓኬጅ። በባትሪውም በኩል ቢሆን ቲዎሪው አለ፦ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ስለ ቢኤምኤስ አልጎሪዝም ያዘጋጀው ኮርስ ኮርሴራ ላይ ነው፣ የሆላንዱ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ኢድኤክስ በሚባለው ሌላ የኢንተርኔት መማሪያ ላይ አለው። ግን ሴል ቻርጅና ዲስቻርጅ እያደረጉ ሲያረጅ መከታተል፣ ሙቀት ክፍል ውስጥ አስገብቶ መለካት፣ ኢንቨርተር ከፍቶ ማየት በቪዲዮ አይሆንም።

ሥራውንም አስቡት። ሰው ሁሉ “ሕዳሴ ግድብ አለን፣ 5,150 ሜጋ ዋት፣ ምን ቸገረን” ይላል። ግድቡ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ጣጣው ያለው ሰፈር ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ላይ ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት አካባቢ ይስባል፣ እሱም ለተወሰነ ሰዓት ነው። የቤት ቻርጀር ሲባል 7 ኪሎ ዋት ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ። አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አሥር ሰው ከሥራ ገብቶ እኩል ቢሰካ ትራንስፎርመሩ ምን እንደሚል ገምቱ። ማን መቼ ቻርጅ ያድርግ የሚለውን ማስተዳደር፣ ያረጀ ባትሪን መመርመርና ለመብራት ማጠራቀሚያ መልሶ መጠቀም፣ የቻይናውን ሶኬት ከሌላው ጋር ማስማማት፣ ጋራዦችን ማሠልጠን፣ እነዚህ ሁሉ ዛሬ አገር ቤት ሰው የሚፈልጉ ሥራዎች ናቸው። ራሱን የሚነዳ መኪና ተምራችሁ አዲስ አበባ ብትገቡ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ላይ የምትሠሩት ለውጭ ኩባንያ በርቀት ነው። መጥፎ አይደለም፣ በዶላር ይከፍላል፣ ብቻ አውቃችሁ ግቡበት።

ስታመለክቱ የፕሮግራሙን ስም እርሱት። የኮርሶቹን ዝርዝር መጽሐፍ አውርዱ፣ እዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ አለው፣ ዌብሳይቱ ላይ በነፃ ይገኛል። ግዴታ የሆኑትን ኮርሶች ቁጠሩ። ስሙ “ኢ-ሞቢሊቲ” ሆኖ ከግማሽ በላይ ማኔጅመንት የሆነ ፕሮግራም አይቻለሁ። በላብ የሚሰጥ ኮርስ ስንት አለ? መመረቂያው ጽሑፍ ኩባንያ ውስጥ ይሠራል ወይ? ፎርሙላ ስቱደንት ቡድን አላቸው ወይ? የመጨረሻውን አጥብቃችሁ ጠይቁ። ተማሪዎች ራሳቸው የእሽቅድምድም መኪና ሠርተው የሚወዳደሩበት ነው፣ የጀርመኑ ውድድር ከ2010 ጀምሮ የኤሌክትሪክ፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ የአሽከርካሪ አልባ ክፍል አለው። የዙሪኩ ኢቲኤች ተማሪዎች በ2023 በሠሯት መኪና ከዜሮ ወደ 100 ኪሎ ሜትር በ0.956 ሰከንድ ደርሰው የዓለም ክብረ ወሰን ሰብረዋል። እኔ የተማርኩትን ግማሹን የተማርኩት እኛ ቡድን ውስጥ እኩለ ሌሊት ላይ ሴል ስበይድ ነው፣ ውጤቴ ላይ አንድም ቦታ አልተጻፈም፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን የሚጠይቁኝ እሱን ነው።

ሜካኒካል የጨረሳችሁ፣ አትፍሩ። ባትሪ ማቀዝቀዝ የእናንተ ሥራ ነው፤ ፈጣን ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣውን ሙቀት ማን ያውጣው? ኬሚካል የጨረሳችሁም በሴሉ በኩል ግቡ። ኮምፒውተር ሳይንስ የጨረሳችሁ ደግሞ ከላይ የነገርኳችሁን የአህያና የባጃጅ ጉዳይ አስቡበት።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ጀርመን አብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክፍያ የለውም፣ የሴሚስተር መዋጮ ብቻ ነው። ሁሉም ግን አይደለም። ባደን ቩርተምበርግ ክልል ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣውን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል፣ ካርልስሩኸና ሽቱትጋርት እዚያ ናቸው። የሙኒኩ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከ2024 ጥቅምት ጀምሮ ማስከፈል ጀምሯል፣ ለማስተርስ በሴሚስተር 4,000 ወይም 6,000 ዩሮ። ለቪዛ በዝግ የባንክ ሒሳብ ለመኖሪያ የሚቀመጠው ገንዘብ ከ2024 መስከረም ጀምሮ በዓመት 11,904 ዩሮ ሆኗል፣ ይህ ነው ብዙውን ሰው የሚያስቀረው። ዳአድ የሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ተቋም የሚሰጠውን ስኮላርሺፕ ካገኛችሁ ከዝግ ሒሳቡ ትገላገላላችሁ፣ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ፣ ማመልከቻውም ከትምህርቱ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው የሚጀመረው።

ጀርመንኛ ደግሞ ከመምጣታችሁ በፊት ጀምሩ። “ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው” ብላችሁ አትዘናጉ። በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ሥራ መሥራት ይቻላል፣ የባትሪ ኩባንያዎቹም ተማሪ ይቀጥራሉ፣ ግን ብዙዎቹ ማስታወቂያቸው ላይ ጀርመንኛ ይጠይቃሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ላቡ ውስጥ አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን አለ፣ እንግሊዝኛ ይችላል፣ አይናገርም እንጂ። መለኪያ ማሽኑን የሚያስይዛችሁ፣ ያረጁ ሴሎችን ከመደርደሪያ አውርዶ የሚሰጣችሁ እሱ ነው።